የልጅ አፍንጫ ሲታፈን ምን እንስጥ? ምንስ አንስጥ?

ትምህርት ቤት ተከፍቶ ብርዱ ገባ ገባ ማለት ሲጀምር በየቤታችን የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው፦ ማስነጠስ፣ ሳል፣ ሌሊት ደግሞ አፍንጫው የተደፈነ ልጅ ማንኮራፋት። ዴይኬር የሚውል ሕፃን ካለማ አንዱ ጉንፋን ሳይለቀው ሌላው ይተካል። አንድ ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጉንፋን ቢይዘው ሐኪሞች "የተለመደ ነው" ይላሉ።

ወላጅ ግን ልጁ በአፉ እየተነፈሰ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ እያየ "የተለመደ ነው" በሚለው ቃል አይጽናናም። ነገ ሥራ አለ፤ ልጁም መተኛት አለበት። ስለዚህ እጃችን ቶሎ ወደ መድኃኒት ይሄዳል። ፋርማሲ ሄደን ከመደርደሪያው ላይ የልጅ ሥዕል ያለበትን ሽሮፕ እናነሳለን፤ ወይ ለራሳችን የገዛናትን የአፍንጫ ጠብታ "ለእሱ ትንሽ ብቻ" ብለን እንሞክራለን፤ ወይም ዘመድ ከአገር ቤት ይዞት የመጣውን ብልቃጥ እንከፍታለን።

ይህን ሁሉ የምናደርገው ከፍቅር ነው። ነገር ግን አፍንጫ የሚከፍቱት መድኃኒቶች፣ በፋርማሲ ቋንቋ "ዲኮንጀስታንት" የሚባሉት፣ ጉንፋኑን አያድኑም፤ ለጥቂት ሰዓት አፍንጫ ይከፍታሉ እንጂ። ለዚያች ጥቂት ሰዓት ሲባል ትንሽ ልጅን አደጋ ላይ መጣል አይገባም። የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ ከምን ጋር እንደማይደረብ፣ የትስ እንደሚቀመጥ ማወቅ አለብን። በዚህ ወር የምናየው ይህንን ነው።

አፍንጫ የሚታፈነው በንፍጥ ብቻ አይደለም

ልጁ ደጋግሞ ተናፍጦ እንኳ አፍንጫው አልከፈት ሲል አስተውላችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ንፍጡ ብቻ አይደለም። የአፍንጫችን የውስጥ ሽፋን በጥቃቅን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። ጉንፋን ሲይዘን የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ የአየሩ መንገድ ይጠባል። የአዋቂ አፍንጫ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ቢያብጥም ይቻላል። የሕፃን አፍንጫ ግን ከመጀመሪያውም ጠባብ ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃናት የሚተነፍሱት በአብዛኛው በአፍንጫቸው ስለሆነ፣ ሲታፈንባቸው ጡት ለመጥባትም ለመተኛትም ይቸገራሉ።

ዲኮንጀስታንት የሚሠራው እነዚያን የሰፉ የደም ሥሮች በማጥበብ ነው። ችግሩ ሥራው አፍንጫ ላይ ብቻ አይቆምም። በአፍ የሚወሰደው በደም ተጓጉዞ መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ልብ ምትን ሊያፋጥን፣ የደም ግፊትን ሊጨምር፣ እንቅልፍ ሊነሳና ልጁን ሊያቅበጠብጠው ይችላል። በአፍንጫ የሚጨመረውም ቢሆን ከፊሉ ወደ ደም ይገባል፣ ከፊሉም በጉሮሮ ወርዶ ይዋጣል። ትልቅ ሰው ላይ ብዙም የማይታወቅ መጠን፣ አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ ላይ ሌላ ነገር ነው።

መደርደሪያው ላይ ያሉት ሦስት ዓይነቶች

ስማቸውና ማሸጊያቸው ብዙ ቢሆንም በጥቅሉ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በአፍ የሚወሰደው ሱዶኤፌድሪን ነው። እዚህ አሜሪካ በሱዳፌድ ስም ይታወቃል። ፋርማሲስቱ ከጀርባው አውጥቶ የሚሰጣችሁ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ ፈርሙ የምትባሉበት መድኃኒት ይሄ ነው። "ምን አጠፋሁና ነው መታወቂያ የምጠየቀው?" ብላችሁ ተገርማችሁ ከሆነ፣ ነገሩ ከእናንተ ጋር አይገናኝም። ሱዶኤፌድሪን ሜታምፌታሚን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ለመሥራት ስለሚውል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሽያጩ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። አፍንጫ ለመክፈት በትክክል ይሠራል፤ የዚያኑ ያህልም ልብን ሊያስቸግርና እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል።

ሁለተኛው በአፍ የሚወሰደው ፌኒሌፍሪን ነው። ሱዶኤፌድሪን ከጠረጴዛው ጀርባ ከተወሰደ በኋላ በመደርደሪያዎቹ ላይ ቦታውን የተካው እሱ ነው። በብዙ የጉንፋን ሽሮፖችና እንክብሎች ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ ኤፍዲኤ፣ የሰበሰባቸው 16 አማካሪ ባለሙያዎች በአፍ የሚወሰደው ፌኒሌፍሪን አፍንጫ ለመክፈት እንደማይሠራ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ። ባለሥልጣኑም በኅዳር 2024 በአፍ የሚወሰደው ከአፍንጫ መክፈቻነት እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱ አደገኛ ነው ተብሎ ሳይሆን አይሠራም ተብሎ ነው። እንግዲህ ለማይሠራ ነገር ገንዘብ ከፍለን ለልጅ የምንሰጥበት ምክንያት አይታይም።

ሦስተኛው በቀጥታ አፍንጫ ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ ወይም ስፕሬይ ነው። ኦክሲሜታዞሊን (አሜሪካ ውስጥ አፍሪን በሚል ስም የሚታወቀው)፣ ዛይሎሜታዞሊን (በአውሮፓና በሌሎችም አገሮች ኦትሪቪን የሚባለው) እና በአፍንጫ የሚጨመረው ፌኒሌፍሪን እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ኤፍዲኤ ስለ ፌኒሌፍሪን ያቀረበው ሐሳብ የሚመለከተው በአፍ የሚወሰደውን እንጂ የአፍንጫውን ስፕሬይ አይደለም። እነዚህ ጠብታዎች በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫ ይከፍታሉ። ፈጣንነታቸው ነው እንድንወዳቸው ያደረገን፤ ወደ ችግር የሚያስገባንም እሱው ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕድሜ ነው

ዱሮ እዚህ አገር ለጨቅላ ሕፃናት ተብለው የተሠሩ የጉንፋን ጠብታዎች እንደ ልብ ይሸጡ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው በሚያሳዝን ምክንያት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ባወጣው ዘገባ በ2005 የሞቱ የሦስት ሕፃናትን ጉዳይ ይዞ ቀረበ። ሦስቱም ዕድሜያቸው ከስድስት ወር ያልበለጠ ነበር፤ ሦስቱም ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ሱዶኤፌድሪን ተገኘ። በዚያው ዘገባ መሠረት በ2004 እና በ2005 ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ 1,519 ያህል ሕፃናት ከጉንፋንና ከሳል መድኃኒት ጋር በተያያዘ ችግር ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል ተብሎ ተገምቷል።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኩባንያዎቹ ራሳቸው የጨቅላ ሕፃናቱን መድኃኒቶች ከገበያ ሰበሰቡ። በጥር 2008 ኤፍዲኤ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ፤ ቆይቶም አምራቾቹ "ከ4 ዓመት በታች አትስጡ" የሚለውን በማሸጊያው ላይ ጻፉ። እንግሊዝ ደግሞ በ2009 ከዚህ ጠበቅ አድርጋ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የጉንፋንና የሳል መድኃኒቶችን ከ6 ዓመት በታች ከለከለች፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉት ከፋርማሲ ብቻ፣ ቢበዛ ለ5 ቀን አለች።

በአጭሩ አሜሪካ ላለን ወላጆች መመሪያው እንዲህ ነው፦

ከ4 ዓመት በታች፦ የጉንፋን መድኃኒትም ሆነ ዲኮንጀስታንት በራሳችን ውሳኔ አንሰጥም።

ከ4 እስከ 6 ዓመት፦ የልጁ ሐኪም ስጡት ካለ ብቻ።

ከ6 ዓመት በላይ፦ ማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያ በትክክል ተከትሎ መስጠት ይቻላል። ኦክሲሜታዞሊን ስፕሬይ ለምሳሌ ከ6 ዓመት በታች ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥም፤ ከዚያ በላይም ቢሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም።

ልጁ የልብ ችግር፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የታይሮይድ በሽታ ካለበት፣ ወይም እንደ ኤዲኤችዲ ላለ ነገር በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት ካለ፣ ዕድሜው ቢፈቅድም ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠየቅ አይሰጠውም።

ሦስት ቀን ሲያልፍ ጠብታው ራሱ ያፍናል

የአፍንጫ ጠብታዎች ማሸጊያ ላይ "ከ3 ቀን በላይ አትጠቀሙ" የሚል ማሳሰቢያ አለ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተራ ጥንቃቄ ያልፈዋል። እውነታው ግን ይህ ነው፦ ጠብታው የደም ሥሮቹን በግድ ያጠብባቸዋል። ኃይሉ ሲያልቅ መልሰው ይሰፋሉ። በተደጋጋሚ ከተሠራበት አፍንጫው ያለ ጠብታው መከፈት ይሳነዋል፤ መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ይታፈናል።

ታዲያ ምን ይሆናል? ወላጅ "ጉንፋኑ አልለቀቀውም" ብሎ ይደግማል። ጉንፋኑ ከለቀቀው ሰንብቷል፤ አሁን አፍንጫውን የሚያፍነው ጠብታው ራሱ ነው። ልጁ አራተኛ ቀኑን ካለፈና አሁንም ታፍኖ ከሆነ መፍትሔው ሌላ ብልቃጥ መክፈት ሳይሆን ጠብታውን ማቆምና ሐኪም ማማከር ነው። ለወራት ጠብታ ከቦርሳቸው ያልተለየ አዋቂዎችም በመካከላችን አሉ። ምክሩ ለእነሱም ይሠራል።

አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ስም

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይባላል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ በደብዛዛ መብራት፣ እንቅልፍ ባናወዘው ዓይን መድኃኒት መስጠትም ይህንኑ ይመስላል። በብዛት የሚያጋጥመው ስሕተት ድርብ መስጠት ነው።

እንዲህ እንበል። ልጁ ትኩሳት ስላለው ታይሌኖል ሰጣችሁት። አፍንጫውም ስለታፈነ ደግሞ "ለጉንፋንና ለትኩሳት" የሚል ሽሮፕ ጨመራችሁ። ብዙዎቹ የጉንፋን ሽሮፖች ግን በውስጣቸው አንድ ሳይሆን ሦስት አራት መድኃኒት ይዘዋል፤ ከእነሱም አንዱ ራሱ በታይሌኖል ውስጥ ያለው አሴታሚኖፌን ሊሆን ይችላል። አገር ቤትና አውሮፓ ፓራሲታሞል የምንለው ማለት ነው። ሁለት ስም፣ አንድ መድኃኒት። መጠኑ ሲደራረብ ጉበትን ይጎዳል።

ሌላው ድርብ የሚሆነው ቤት ውስጥ ሰው ሲበዛ ነው። አባት ማታ ሰጥቶ ወደ ሥራ ይወጣል፤ እናት ከሥራ ስትገባ ሳታውቅ ትደግማለች፤ አያትም ጠዋት "ሌሊት ሲያስለው ነበር" ብለው ይጨምራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ። መድኃኒት የሰጠ ሰው የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን ይጻፍ።

መጠን ሲለካም የወጥ ቤት ማንኪያ አይሁን። የሻይ ማንኪያዎቻችን መጠናቸው የተለያየ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ፣ ወይም ፋርማሲ ብትጠይቁ የሚሰጧችሁን መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ፤ በሚሊ ሊትር አንብቡ። ሌላም አለ፦ ለጉንፋን አስፕሪን ለልጅና ለአሥራዎቹ ዕድሜ ወጣት አይሰጥም። ሬይ ሲንድሮም ከሚባል፣ አንጎልንና ጉበትን ከሚያጠቃ ከባድ ሕመም ጋር ይያያዛል።

ቦርሳ ውስጥ ያለችው ጠብታ

እስካሁን ያየነው አስበን የምንሰጠውን ነው። ልጁ ራሱ አግኝቶ የሚጠጣውስ? ይህ ብዙ ወላጅ የማያስበው አደጋ ነው።

የአፍንጫ ጠብታና ዓይን ሲቀላ የሚጨመረው የዓይን ጠብታ የቅርብ ዘመድ ናቸው። ኦክሲሜታዞሊን፣ ናፋዞሊንና ቴትራሃይድሮዞሊን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሦስቱም ሲዋጡ ለትንሽ ልጅ መርዝ ይሆናሉ። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ 96 ሕፃናት እነዚህን ጠብታዎች ውጠው መታመማቸውን ገልጿል። ሞት አልተመዘገበም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን ሆስፒታል ተኝተዋል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ መጠን፣ ለከባድ ጉዳት በቂ ነው።

ምልክቱም ያሳስታል። ልጁ አይቅበጠበጥም፤ ይልቁንም ያንቀላፋል፣ ይደክማል፣ ገላው ይቀዘቅዛል፣ ልብ ምቱና ትንፋሹ ይዘገያል። ወላጅም "ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ" ሊል ይችላል።

እነዚህ ብልቃጦች የት ነው የሚቀመጡት? የአልጋ ራስጌ ጠረጴዛ ላይ፣ የመኪና ውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ከምንም በላይ ግን በእጅ ቦርሳ ውስጥ። እንግዳ ሲመጣ ቦርሳውን ሶፋ ላይ ያስቀምጣል፤ ቡና ይፈላል፣ ጨዋታ ይደምቃል፤ የሁለት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ቦርሳ መበርበር ይወዳል። ስለዚህ የእንግዳን ቦርሳ ተቀብሎ ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ እንደ ጨዋነትም እንደ ጥንቃቄም ይቆጠር። "ሳይቃጠል በቅጠል" ማለት ይሄኔ ነው።

ልጁ ጠብታ ጠጥቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ እንዲያስመልሰውም አታድርጉ። አሜሪካ ውስጥ ፖይዘን ኮንትሮል በ1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም በነፃ ይሠራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ስትደውሉ ብልቃጡን በእጃችሁ ያዙ። ልጁ አልነቃ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ትንፋሹ ከከበደ ግን በቀጥታ 911 ይደወላል።

ከሻንጣ የወጣ መድኃኒት

ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ በርበሬና ሽሮ ብቻ አይደለም የሚይዘው። "ለልጆቹ ጥሩ ነው" የተባለ ሽሮፕና ጠብታም ይመጣል። መድኃኒቱ መጥፎ ላይሆን ይችላል። ጥንካሬው ግን ይለያያል፦ ዛይሎሜታዞሊን ለልጆች 0.05 በመቶ፣ ለአዋቂ 0.1 በመቶ ሆኖ ይሠራል፤ ኦክሲሜታዞሊን ደግሞ 0.025 በመቶ የልጆች፣ 0.05 በመቶ የአዋቂ አለው። በዓይን ሲታዩ ብልቃጦቹ አይለያዩም። "ግማሽ ጠብታ" የሚባል ነገርም የለም። ብልቃጡን ለፋርማሲስት ውሰዱና "ይሄ ምንድን ነው? ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ አይከፈልበትም።

ከባዱ ፋርማሲስቱን መጠየቅ አይደለም፤ አማትን እምቢ ማለት ነው። ስምንት ልጅ ያሳደጉ እናት ፊት "አይሆንም" ማለት ይከብዳል። እንዲህ ቢባል ይቀላል፦ "እማዬ፣ ይሄ ለትልቅ ሰው የተሠራ ነው፤ ሐኪሙ ከአራት ዓመት በታች አትስጡ ብሎናል። እርስዎ ቀና አድርገው ይያዙልኝ፣ እኔ አፍንጫውን በጨው ውሃ ላጽዳው።" ክብራቸው አልተነካም፤ ልጁም የሚያቅፈው አገኘ።

ታዲያ ምን እናድርግለት?

ለልጅ አፍንጫ የመጀመሪያው መድኃኒት ጨዋማ ውሃ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ "ሴላይን" በሉት። የአፍንጫ ሽፋኑን አያጠብም፣ አያቅበጠብጥም፣ ለአራስ ልጅም ይሆናል። ልጁን በጀርባው አስተኝታችሁ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ጨምሩ። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁና በንፍጥ መሳቢያ ሳቡለት። ጡት ከመጥባቱና ከመተኛቱ በፊት ብታደርጉት ጥቅሙ ይበልጣል። ቶሎ ቶሎ መሳብ ግን አፍንጫውን ስለሚያቆስል በቀን ለጥቂት ጊዜ ይብቃ።

ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ለሚፈልግ፦ በአንድ ኩባያ (240 ሚሊ ሊትር) ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። ውሃው ግን ከቧንቧ በቀጥታ አይሁን። የተጣራ ዲስቲልድ ውሃ፣ ወይም ቢያንስ አንድ ደቂቃ ተንተክትኮ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ያልፈላ ውሃ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ አንጎል ድረስ የሚደርስ ጀርም ሊያስገባ ይችላል። ውሃውን በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ።

ፈሳሽ አብዙለት። ለጨቅላው የእናት ጡት ወይም ፎርሙላ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ፤ ለትልቁ ልጅ ሾርባ፣ አጥሚት፣ ለብ ያለ ሻይ። ማር ሳል ያለዝባል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ጠብ አይበል። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ ሕመም ያመጣል።

በክረምት ማሞቂያው የቤቱን አየር ያደርቀዋል። ቀዝቃዛ እንፋሎት የሚያወጣ የአየር ማርጠቢያ መኝታ ቤት ውስጥ ቢደረግ ይረዳል፤ ሻጋታ እንዳይዝ በየጊዜው ይታጠብ። ሌላም የራሳችን ጉዳይ አለ፦ መስኮቱ በተዘጋ አፓርትመንት ውስጥ የሚጨስ ዕጣንና የሚቆላ ቡና ያበጠ አፍንጫን ያባብሳል። ልጁ እስኪሻለው ዕጣኑ ይቅር፤ ቡናው ሲቆላ መስኮት ይከፈት፣ ልጁ ሌላ ክፍል ይሁን። የሲጋራና የሺሻ ጭስማ ከነጭራሹ ቤት አይግባ።

ጨቅላ ሕፃን አፍንጫው ቢታፈንም የሚተኛው በጀርባው፣ ለጥ ባለ ፍራሽ ላይ ነው። ትራስ መደርደር ሊያፍነው ይችላል።

የእናቶቻችን መድኃኒትስ?

በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ቪክስ፤ ሁላችንም አድገንባቸዋል። እያንዳንዱን ለየብቻ ማየት ይሻላል።

መታጠን ለትልቅ ሰው ደስ ይላል። ልጅን ግን የፈላ ውሃ ላይ ማጎንበስ ቃጠሎ ያስከትላል። እንፋሎት ካስፈለገ መታጠቢያ ቤቱን ዘግታችሁ ሙቅ ሻወር ከፍታችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።

የዳማከሴና የጤና አዳም ጭማቂ ለሕፃን ምን ያህል እንደሚበቃና ምን ያህል እንደሚበዛ ተለክቶ የተቀመጠ ነገር የለም። በአፉም በአፍንጫውም አይጨመር።

ቪክስ በውስጡ ካምፎር አለው። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይቀባም። ለትልቅ ልጅ ደረቱ ላይና አንገቱ ላይ ይቀባል እንጂ አፍንጫ ውስጥ፣ ከንፈር ላይ ወይም በሻይ ተበጥብጦ አይሰጥም። ካምፎር ሲዋጥ ልጅን ያንቀጠቅጣል።

ቅቤም ሆነ ዘይት በሕፃን አፍንጫ ውስጥ አይንጠባጠብ። ወደ ሳንባ ከወረደ ሳንባን ያቆስላል።

ለሚያጠቡ እናቶችም አንድ ቃል፦ ጉንፋኑ ወደ እናንተ ሲጋባ ሱዶኤፌድሪን ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ። የጡት ወተት ይቀንሳል።

ጉንፋን ካልሆነስ?

ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይለቃል፤ ሳሉ ትንሽ ሊሰነብት ይችላል። ንፍጡ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ስለሆነ ብቻ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም።

በየዓመቱ አበባ ሲያብብ የሚታፈን፣ ዓይኑን የሚያሳክከውና ትኩሳት የሌለው ልጅ አለርጂ ሊኖርበት ይችላል። ሕክምናውም ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ በአፉ የሚተነፍስና የሚያንኮራፋ ልጅ ደግሞ ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባለው ዕጢ አብጦ ሊሆን ስለሚችል ይታይለት። ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ከመጣ ልጁ ባቄላ፣ ዶቃ ወይም ሌላ ነገር ከትቶ ይሆናል። የተከተተው የሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ስለሚያቃጥል ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ሐኪም ጋ የማይቀርባቸው ምልክቶች

ከእነዚህ አንዱ ከታየ "እስኪ ነገ ይሻለው ይሆናል" አይባልም፦

ዕድሜው ከሦስት ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (100.4 ፋራናይት) ወይም በላይ ከሆነ።

ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ የሚርገበገብ፣ ወይም የሚያቃስት ከሆነ።

ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ፣ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ። ይህ የ911 ጥሪ ነው።

መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፤ ለ8 ሰዓት ያህል ዳይፐሩ ደረቅ ከሆነ።

ጆሮውን ካመመው፣ ትኩሳቱ ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ወይም አፍንጫው ከ10 ቀን በላይ ታፍኖ ምንም ካልተሻለው።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ እስካሁን የሰጣችሁትን ሁሉ፣ የአገር ቤቱን ጠብታና ቅጠሉንም ጭምር፣ ሳታፍሩ ተናገሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

ተቆርጦ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ

1. ከ4 ዓመት በታች፦ የጉንፋን መድኃኒትም አፍንጫ መክፈቻም የለም። ከ4 እስከ 6፦ ሐኪም ካዘዘ ብቻ።
2. መጀመሪያ የጨው ውሃና ንፍጥ መሳብ።
3. የአፍንጫ ጠብታ ከ3 ቀን አይለፍ።
4. በአንድ ጊዜ ሁለት የጉንፋን መድኃኒት አይሰጥ፤ በውስጡ ያለውን አንብብ ወይም ፋርማሲስት ጠይቅ።
5. የአዋቂ ጠብታ ለልጅ አይሆንም፤ "ትንሽ ብቻ" የሚባል የለም።
6. የሰጠ ሰው ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ይጻፍ።
7. የአፍንጫና የዓይን ጠብታ ከልጅ እጅ ርቆ፣ ከፍ ብሎ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። የእንግዳ ቦርሳም እንዲሁ።
8. ከጠጣ፦ 1-800-222-1222። ካልነቃ ወይም ካልተነፈሰ፦ 911።